በእናቴ መክደኛ ስር

ከምግብ ቤቴ በር በላይ በሚስማር የተሰቀለ አንድ አሮጌ የምግብ መክደኛ አለ። ከሰሌን የተሰፋ ነው፤ መሃሉ እንደ ባርኔጣ ወደ ላይ ይሾላል። ቀዩ ቀለም ወደ ቡናማ ሄዷል፤ ዙሪያውን የከበበው ጥቁር መስመርም በአንድ በኩል ተተርትሯል። አዲስ ደንበኞች፣ በተለይ ከሌላ ክልል ተመድበው አሶሳ የመጡ መምህራንና የመንግሥት ሠራተኞች፣ ቀና ብለው ያዩትና «ይሄ ጌጥ ነው? ይሸጣል?» ብለው ጫልቱን ይጠይቋታል። ጫልቱ የባምባሲ ልጅ ናት፤ አስተናጋጄ ነች። «የቤቱ ነው፤ አይሸጥም» ትላቸዋለች። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ፣ ከምድጃው አጠገብ ሆኜ እሰማለሁ። ወጥቼ ብነግራቸው ደስ ይለኝ ነበር። ግን ሰው ፊት ስቆም ቃሉ አፌ ላይ ሳይደርስ ይጠፋብኛል። ስለዚህ እዚህ ልጻፈው።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ከአሶሳ ወደ ሆሞሻ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለች አንዲት የበርታ መንደር ነበር። ቤቱ ቀርቀሃ፣ አጥሩ ቀርቀሃ፣ አልጋው ቀርቀሃ፣ የዶሮው ቤት እንኳ ቀርቀሃ ነው። ነፋስ ሲነሳ መንደሩ በሙሉ ይንሿሿል። ማንጎ በሚደርስበት ጊዜ ደግሞ ከእሱ በቀር ሌላ ነገር አይሸትም፤ መሬት ላይ የወደቀው ሲበስል፣ ሲፈርጥ፣ ሲቦካ የሚያመጣው ያ ጣፋጭና ከባድ ሽታ እስከ ትምህርት ቤት ድረስ ይከተለን ነበር። የዩኒፎርሙ ደረት ላይ ቢጫ እድፍ የሌለበት ልጅ አልነበረም። የእኔ ዘመን ልጆች ታስታውሳላችሁ፤ እድፉን በሳሙናም በአመድም ብትፈትጉት አይለቅም።

ከትምህርት ቤት መልስ ሰኞ ማክሰኞ እንጫወታለን፤ ሱዚ እንዘላለን። ከሁሉ የምወደው ግን ዕቃ ዕቃ ነበር። ሌሎቹ ልጆች እናት፣ አባት፣ እንግዳ፣ አስተማሪ ይሆናሉ፤ እኔ ሁልጊዜ ወጥ ሠሪ ነበርኩ። ወጥ ሠሪ ብዙ መናገር አይጠበቅባትም። በቆርቆሮ ጣሳ ጭቃ አማስላለሁ፣ ቅጠል ቀንጥሼ እጨምራለሁ፣ «ደርሷል» እላለሁ፤ በቃ። የጎረቤታችን ልጅ ራምላ፣ ምላሷ የተሳለ ልጅ ነበረች፣ «ዛህራ በሠርጓም ቀን ‹ደርሷል› ብላ ነው የምትገባው» እያለች ልጆቹን ታስቃቸው ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር።

በመንደራችን ወንዶች ቤት ውስጥ አይበሉም ነበር። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ከየቤቱ አንዳንድ ሳህን ይወጣና በትልቁ ማንጎ ስር፣ በተነጠፈው ሰሌን ላይ ይደረደራል። ገንፎው የማሽላ ነው፤ ወጡ ደርቆ ከተፈጨ ባሚያ የተሠራ፣ ሲያነሱት እንደ ክር የሚሳብ። አንዱ ሳህን ሲያልቅ ወደሚቀጥለው ይዞራሉ። በመንገድ የሚያልፍ ሰው ካለ፣ ቢያውቁትም ባያውቁትም፣ እጁን ይዘው ያስቀምጡታል። አንድ ጊዜ ጎማው የፈነዳበት የጭነት መኪና ሹፌር፣ ከደጋ የመጣ ሰው፣ «እኔ እንኳን ጾም ላይ ነኝ» ቢላቸው፣ አጎቴ ኸድር «ባሚያም ጾመኛ ነው፤ ሥጋ አይቶ አያውቅም። ቁጭ በል» ብሎ አስቀመጠው። አጎቴ ኸድር የሥጋ ዘመዴ አይደለም፤ የአባቴ ጓደኛና የመንደሩ ቀልደኛ ነበር። ሹፌሩ ጎማውን ረስቶ እስኪመሽ ድረስ ከእነሱ ጋር ቆየ።

ሴቶቹ ደግሞ ኻልቲ ሃዋ ግቢ ተሰብስበው ይበሉ ነበር። ኻልቲ ማለት የእናት እህት ማለት ነው፤ ሃዋ የማንኛችንም የእናት እህት አልነበረችም፤ ሆኖም ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጠራት። የራምላ እናት እሷ ናት። በኋላ አማርኛ ትምህርት ላይ አስተማሪያችን «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለውን ተረት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፋ ትርጉሙን ስትጠይቀን፣ ክፍሉ በሙሉ ዝም አለ። ከብዶን አልነበረም። ብቻውን የሚበላ ሰው ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ አላወቅንም እንጂ። እኔ ግን አንድ አውቅ ነበር። እጄን አላወጣሁም።

ስለ መክደኛው ልመለስ። ወደ ማንጎው የሚሄደው ሳህን የሚከደንበትን መክደኛ እያንዳንዷ ሴት ራሷ ናት የምትሰፋው። ሁለት ቤት አንድ ዓይነት ቀለም አያደርግም። የማን ቤት ሳህን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም፤ ከሩቅ ቀለሙን አይቶ ሁሉም ያውቃል። የኻልቲ ሃዋ አረንጓዴና ቢጫ ነበር። የእናቴ ቀይ፣ በጥቁር መስመር የተከበበ። አባቴ ኢድሪስ ከእርሻ ሲመለስ ገና ከመታጠፊያው ላይ ቆሞ ወደ ማንጎው ያይ ነበር። ቀዩን ሲያይ መቆፈሪያውን አጥሩ ላይ አስደግፎ፣ ቤት ሳይገባ በቀጥታ ወደዚያ ይሄዳል።

እናቴ በአንድ ክረምት ትኩሳት ይዟት ሞተች። ስለዚያ ብዙ መጻፍ አልችልም። ለቀስተኛው ሲበተን አባቴ መክደኛውን ከመደቡ ላይ አንስቶ ግድግዳው ላይ ሰቀለው። ጎረቤቶች ለብዙ ጊዜ ምግብ እያመጡ አበሉን። ከዚያ ሰውም ወደየሥራው ተመለሰ። ከቤታችን ወደ ማንጎው የሚወጣ ሳህን አልነበረም። አባቴም መሄድ ተወ።

ማንም አትምጣ አላለውም። እንዲያውም ይጠሩት ነበር። «ኢድሪስ፣ ና እንጂ፤ ገንፎው ቀዘቀዘ» ይላል አጎቴ ኸድር ከሩቅ። «በልቻለሁ» ይላል አባቴ። እሱ ግን አልበላም ነበር። ከቤቱ ጀርባ እሳት አንድዶ በቆሎ ይጠብሳል፤ ግማሹን ሰብሮ ለእኔ ይሰጠኛል፤ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ይበላል። በእኛ ዘንድ አባትና ሴት ልጅ ፊት ለፊት ተቀምጠው ስለማይበሉ፣ እኔም የእኔን ይዤ ወደ ደጃፉ እሄድ ነበር። ከማንጎው ስር ሳቅ ሲሰማ አባቴ ማኘኩን ያቆማል። ጆሮውን አቅንቶ ይቆያል፤ በምን እንደሳቁ ሊሰማ ይሞክራል። ሳቁ ሲበርድ እንደገና ማኘክ ይጀምራል።

ያኔ ልጅ ብሆንም ነገሩ ገብቶኝ ነበር። ባዶ እጁን ሄዶ ከሌላ ሰው ሳህን መብላት አንድ ቀን ከሆነ እንግድነት ነው። በየቀኑ ከሆነ ግን እጅ ይከብዳል። ኻልቲ ሃዋ አንድ ቀን አጥራችን ላይ ተደግፋ «እኔ ከራሴ ድስት ጨምሬ በቤትህ ስም ሳህን ላውጣልህ» አለችው። አባቴ በቆሎውን እያገላበጠ «ሃዋ፣ ሰው በተውሶ አፍ አይበላም» አላት። እሷም ተቆጥታ ሄደች። ማታውን አጎቴ ኸድር ከእሷ ጋር በእኛ አጥር ሥር ሲያልፍ ሲነግራት ሰማሁ።

«ይህ ሰው እንደ ታመመ ዶሮ ከመንጋው ተለየ» አላት። «ወይ ያግባ፣ ወይ ይምጣ።»

«ዝም በል አንተ» አለችው ኻልቲ ሃዋ። «የሞተችበት ሚስት ናት፤ ፍየል አይደለችም።»

«እኔ ምን አልኩ? ሳቁ ናፈቀኝ ነው ያልኩት።»

ያን ቀን ገንፎ ልሠራ ወሰንኩ። ሳህን ከቤታችን ከወጣ አባቴ ይሄዳል። ሌላ ነገር አላሰብኩም።

ማንንም አልጠየቅኩም። ኻልቲ ሃዋን ብጠይቃት በደስታ ታሳየኝ ነበር፤ ግን መጠየቅ ማለት በሯ ላይ ሄዶ መቆም ነው፤ እዚያ ግቢ ያሉት ሴቶች በሙሉ ዞረው ያዩኛል። ስለዚህ በጆሮዬና በአፍንጫዬ ተማርኩ። ከትምህርት ቤት ስመለስ በየአጥሩ ሥር ቀስ ብዬ አልፋለሁ። ገንፎ ሲደርስ ድምፁ ይለወጣል፤ መጀመሪያ ይንጫጫል፣ ከዚያ እንደ ሽማግሌ ቡፍ ቡፍ እያለ ይተነፍሳል። የተፈጨ ባሚያ ድስቱ ውስጥ ሲገባ የጭድ ሽታ ይሸታል፤ ሲበስል ሽታው ይጠፋል። አባቴ እርሻ ሲውል በእናቴ ድስት እሞክር ነበር። ዱቄቱ ይጓጉላል፣ ከታች ያርራል፣ ማማሰያው እጄን ይልጠዋል። የተበላሸውን ለዶሮዎች እሰጣለሁ። ዶሮዎቻችን እንደዚያ ሰሞን ጠግበው አያውቁም። እጄ ላይ አንድ የጠቆረ ጠባሳ አለ፤ ያኔ ገንፎው ፈንጥቆ ያቃጠለኝ ነው። አሁንም ሳማስል አየዋለሁ።

ዓመቱ ዞሮ ክረምት ገባ። ክረምት ሲገባ የቀርቀሃ ቡቃያ ከመሬት ይወጣል፤ ቀንድ ይመስላል፤ ሲላጥ ውስጡ ነጭ ነው። ሴቶች ከጫካ በራሳቸው ተሸክመው ያመጣሉ፤ በመንደራችን ከዚህ የበለጠ የክረምት ምግብ የለም። አባቴ ደግሞ ይወደው ነበር። ገንፎዬ መቆም ጀምሮ ስለነበር፣ የመጀመሪያው ሳህኔ በቀርቀሃ ወጥ እንዲሆን ፈለግኩ። ከራምላ ጋር ጫካ ሄድን፤ እሷ ለእናቷ፣ እኔ ለራሴ። «አንቺ ለማን ነው?» አለችኝ። «ለዶሮ» አልኳት። ስትስቅ ዋለች።

እናቴ ስለ ወጥ የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው የማስታውሰው። ባሚያ ስትቀቅል አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሳለሁ፣ «የባሚያ ውሃ አይደፋም፤ ጉልበቱ ውሃው ውስጥ ነው» ብላኝ ነበር። የቀርቀሃን ቡቃያ ስትሠራ ግን ከመጀመሪያው አይቼያት አላውቅም። የሚቀቀለው ጠዋት ነው፤ ጠዋት እኔ ከልጆቹ ጋር ጨዋታ ላይ ነኝ። ስመለስ ተቀቅሎ ቆይቶ፣ ነጭ ሆኖ ሳህን ላይ ነበር የማገኘው። ስለዚህ ልጬ፣ ከትፌ፣ ቀቀልኩና ውሃውን አንዲት ጠብታ ሳላፈስ አስቀመጥኩ። በዚያው ውሃ ወጡን ሠራሁ። ለውዝ ወቅጬ ጨመርኩ፤ ጨው ጨመርኩ። አልቀመስኩትም። በዕቃ ዕቃ ጨዋታ ጭቃ የሚቀምስ የለም፤ መቅመስ የወጥ ሥራ መሆኑን እኔ ገና አላወቅኩም ነበር።

ፀሐይዋ ዝቅ ስትል ወንበር ላይ ቆሜ መክደኛውን ከግድግዳው አወረድኩ። አቧራውን በቀሚሴ ጠረግኩ። ሳህኑን ከደንኩና በራሴ ላይ አድርጌ ወጣሁ። ከቤታችን እስከ ማንጎው ያለው መንገድ አጭር ነው፤ የዚያን ቀን ግን አላልቅ አለኝ። እግሬን እንጂ ሌላ ነገር አላይም። ሰሌኑ ጠርዝ ላይ ስደርስ የወንዶቹ ወሬ ተቋረጠ። አንድ ሰው ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁ። ያዩት ቀዩን መክደኛ ነው። ከዓመት በኋላ፣ እንዲያው በድንገት፣ በአንዲት ትንሽ ልጅ ራስ ላይ።

ሳህኑን አስቀመጥኩ። ማን እንደሆነ አላየሁም፤ አንድ ሰው ፈቀቅ ብሎ ቦታ ለቀቀ። ለእኔ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ወደ ኋላ ሮጬ የአጥራችን ቀዳዳ ሥር ተደበቅኩ።

አባቴ ከእርሻ መጣ። እንደ ድሮው ልማዱ አይደለም፤ አንገቱን ደፍቶ፣ በቀጥታ ወደ ቤት። ከዚያ ምን እንደታየው አላውቅም፤ መታጠፊያው ላይ ቀና አለ። ቆመ። እጁን ግንባሩ ላይ አድርጎ አየ። ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። ምን እንዳሰበ ጠይቄው አላውቅም፤ ሰው ለአንድ አፍታ የሞተን ሰው ሊጠብቅ ይችላል። ማንም አልጠራውም። አባቴ መቆፈሪያውን እዚያው መሬት ላይ ትቶት ሄደ። ከማንቆርቆሪያው እጁን ታጠበ። ክፍቱ ቦታ ላይ ተቀመጠ። መክደኛውን ራሱ አነሳ።

መብላት ጀመሩ። እኔ ከአጥሩ ጀርባ አፋቸውን አያለሁ። ሁሉም አንዴ ጎርሰው አቆሙ። ከዚያ ቀስ ብለው ማኘክ ቀጠሉ። አጎቴ ኸድር ጉሮሮውን ጠራረገ።

«ኢድሪስ» አለ፤ «ይሄ ቀርቀሃ ዛፍ መሆኑን ገና አልረሳም።»

አባቴ ሳህኑን አላየም። «ብላ» አለው። «አንተም ቀልደኛ መሆንህን ለአንድ ቀን እርሳ።»

ሳቁ። መጀመሪያ ሌሎቹ፣ ከዚያ አባቴ። ከዓመት በላይ ያልሰማሁት ሳቅ ነበር፤ ከአጥሩ ጀርባ ሆኜ አፌን በእጄ ያዝኩ። በምን እንደሳቁ አልገባኝም ነበር። ምግቤ ጥሩ ስለሆነ መሰለኝ።

ሌላ ጊዜ ባዶውን ሳህን የሚያመጡት ልጆች ናቸው። የዚያን ቀን አባቴ ራሱ ይዞት መጣ። ተጠርጎ የተበላ ሳህን ነው፤ መክደኛው ላዩ ላይ። ደጃፉ ላይ አስቀመጠውና «ነገም ላኪ» አለኝ። እሱ ከገባ በኋላ ራት ልበላ ድስቱን ጠረግኩ፤ በጣቴ አነሳሁና ጎረስኩ። ምላሴ ታሰረ። እንደ መድኃኒት የሚመር ነበር። እነዚያ ሰዎች ይህን ሁሉ፣ ሳህኑ እስኪያልቅ፣ መረረን ሳይሉ በልተውት ነበር። ድስቱን አቅፌ ቁጭ አልኩ።

ጠዋት ኻልቲ ሃዋ አጥሩ ላይ ተደግፋ ጠራችኝ። ባሏ ሌሊቱን ሆዱን ሲያሸው ማደሩን በኋላ ከራምላ ሰማሁ፤ እሷ ግን ስለዚያ አላነሳችም። ውሃውን ለምን እንዳልደፋሁ ጠየቀችኝ፤ የእናቴን ቃል ነገርኳት። «የኔ ልጅ» አለችኝ፤ «የባሚያ ውሃ አይደፋም፤ ልክ ነሽ። የቀርቀሃ ውሃ ግን ይደፋል። አንዴ አይደለም፤ ምሬቱ እስኪለቅ። ደግሞ ሴት ወጧን መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች።» ከዚያ ራሷን ነቅንቃ ሳቀች። «ዶሮዎችሽ ለምን እንደወፈሩ አሁን ገባኝ።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤታችን ሳህን ሳይወጣ ቀርቶ አያውቅም። አባቴም ቦታውን አልለቀቀም። ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ያላሰብኩት ነገር ግን ነበረ። ሳህኑ ከወጣ በኋላ ቤቱ ውስጥ የምቀረው እኔና ድስቱ ነን። ሌላ ቤት ቢሆን እናት፣ አክስት፣ እህት አለች፤ ተያይዘው ኻልቲ ሃዋ ግቢ ይሄዳሉ። ኻልቲ ሃዋ እኔንም ጠርታኝ ሄጄ ነበር። ስገባ ሴቶቹ ዞረው አዩኝ። አንዷ ፀጉሬን ዳበሰችና ዓይኗ እንባ ሞላ። ከዚያ በኋላ ስትጠራኝ «በልቻለሁ» ማለት ጀመርኩ። ቃሉ ከየት እንደመጣልኝ ያኔ አላስተዋልኩም። ቆሜ ከድስቱ ውስጥ በጭልፋ እበላ ነበር፤ ከማንጎው ስር ሳቅ ሲመጣ ማኘኬን አቆማለሁ።

የቀረው ረጅም አይደለም። ሰባተኛን ሳልጨርስ ትምህርት አቆምኩ። መንገዱ ሲሠራ ለሠራተኞቹ ገንፎና ባሚያ በድስት አድርጌ መንገድ ዳር መሸጥ ጀመርኩ፤ አንገቴን ደፍቼ፣ ጭልፋውን እያየሁ። ከሠራተኞቹ አንዱ የፓዌ ሰፋሪ ልጅ ነበር፤ «እህቴ፣ ሽሮ አትሠሪም?» አለኝ። ሽሮ ሠርቼ አላውቅም ነበር። አሶሳ ገበያ ሄጄ አንድ ምግብ ቤት ውስጥ ሽሮ አዝዤ፣ በምላሴ ለየሁት፤ ሽንኩርቱን፣ ነጭ ሽንኩርቱን፣ የቆየበትን እሳት። ቤት ገብቼ እስኪመጣልኝ ደጋገምኩት። ጥብስም፣ ፉልም፣ ዓሣም እንደዚሁ ነው የተማርኩት። አስተማሪ ኖሮኝ አያውቅም፤ አስተማሪ ፊት መቆም አልችልምና። ከዚያ አሶሳ መጥቼ ባጃጅ ተራው አጠገብ አንድ ክፍል ተከራየሁ፤ ክፍሏ ሁለት ሆነች፤ ሠራተኞች ያዝኩ። የሚጻፍ ስም አልሰጠኋትም። ሰዉ ራሱ «ቀይ መክደኛ» አላት።

አሁን ምሳ ሰዓት ላይ ቤቱ ይሞላል። የዩኒቨርሲቲ ሰዎች፣ የቢሮ ሰዎች፣ ነጋዴዎች። በክረምት የቀርቀሃ ወጤን ብለው ከባምባሲ ድረስ የሚመጡ አሉ። አንድ ጊዜ ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት «ባለቤቷን በቪዲዮ እንቅረጻት» ብሎ ካሜራ አውጥቶ ገባ። በጓሮ በር ወጥቼ እንጨት ሻጮቹ ዘንድ ተደበቅኩ። ጫልቱ እስኪሄድ ድረስ «ገበያ ሄደች» ስትል ዋለች። ሲያመሰግኑኝ በመጋረጃው እሰማለሁ፤ ፊቴ ይሞቃል። ነገር ግን ሁሉም ለየብቻው ያዝዛል፤ ሳህኑን ወደ ራሱ ይስባል፤ ስልኩን ከጎኑ አስቀምጦ ይበላል። አንድ ጠረጴዛ ላይ ሦስት ሰው ተቀምጦ አንድም ቃል ሳይነጋገር ይነሳል። እኔም ሁሉም ከሄዱ በኋላ፣ እንደ ልጅነቴ፣ ቆሜ ከድስቱ እበላለሁ።

አባቴ አርጅቷል። አሁንም መንደር ነው፤ በገበያ ቀን ይመጣል። ትልቁ ማንጎ አለ፤ ስሩ የሚቀመጡት ግን ጥቂት ሽማግሌዎች ናቸው። አጎቴ ኸድር የለም። ወጣቶቹ ወደ ከተማና ወደ ወርቅ ቁፋሮ ሄደዋል፤ ያሉትም ቤታቸው ይበላሉ። አባቴ ምግብ ቤቴ ሲመጣ አንድ ጠረጴዛ ላይ ይቀመጥና አጠገቡ ያለውን ሰው «ና፣ አብረን እንብላ» ይለዋል። አማርኛው የተሰባበረ ነው፤ ወንዱንም ሴቱንም «ና» ነው የሚለው። ሰዎቹ ፈገግ ብለው «በልተናል አባት» ይሉታል። ሳህናቸው ገና አልመጣም። በቀስታ ይበላል።

ባለፈው ክረምት አንድ የገበያ ቀን ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ደንበኛ አልነበረም። ጫልቱን ወደ ቤቷ ላክኋት። አባቴ ጠረጴዛው ላይ ብቻውን ነበር። ሳህኑን ልኬለት እኔ ድስቱ ላይ ቆሜ ሳለሁ መጋረጃው ተገለጠ። አባቴ ነው። በእኛ ዘንድ ወንድ ማድቤት አይገባም፤ እሱም በዕድሜው ገብቶ አያውቅም። ሳህኑን በሁለት እጁ ይዞ በሩ ላይ ቆመ። ጭልፋው አፌ ላይ ነበር።

«አንቺ የት ነው የምትበይው?» አለኝ።

ይህን ሁሉ ዓመት ጠይቆኝ አያውቅም። ማንም ጠይቆኝ አያውቅም።

«በልቻለሁ» አልኩት።

ድስቱን አየ፤ ጭልፋውን አየ። ፊቱ ላይ ምን እንደመጣ ልነግራችሁ አልችልም፤ ወዲያው አንገቴን ደፋሁ።

«እሱን ቃል አውቀዋለሁ» አለ። «የእኔ ነው።»

ሳህኑን ከሰል በማስቀምጥበት በርጩማ ላይ አደረገና ማንቆርቆሪያውን አንስቶ ለእኔ ውሃ ሊያፈስልኝ ያዘ። አባት ለልጁ ውሃ አያፈስም። እጄን ግን ዘረጋሁ። ከዚያ እኔ ለእሱ አፈሰስኩ። ሁለታችንም ትናንሽ በርጩማዎች ላይ ተቀመጥን፤ ጉልበቱ ተንቋቋ። ወጡ የቀርቀሃ ነበር፤ ምሬቱ እስኪለቅ ውሃው ተደጋግሞ የተደፋ፣ ለውዙ የለሰለሰ። አባቴ አንዴ ጎርሶ ዋጠ።

«የዚያን ቀኑ ይሻል ነበር» አለኝ።

ሳቅኩ። እሱም ሳቀ፤ ያ በአጥሩ ቀዳዳ የሰማሁት ሳቅ፣ አሁን ግን ፊት ለፊቴ። ከዚያ፣ ማንጎው ስር ለእንግዳ እንደሚያደርጉት፣ ከሳህኑ መሃል ያለውን ደህናውን ቁራጭ በጣቱ ወደ እኔ በኩል ገፋው። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ እስኪያልቅ ድረስ በላን።

ያኔ ብዙ ሰው አብሮ ይበላ ነበር፤ እኔ ብቻዬን ነበርኩ። ዛሬ ብዙ ሰው ብቻውን ይበላል፤ እኔ በገበያ ቀን አባት አለኝ። የቱ እንደሚሻል አላውቅም። ያን ማንጎ፣ ያን ሰሌን፣ ከየአጥሩ የሚወጡትን መክደኞች ሳስብ ዓይኔ ይሞላል፤ ከአጥሩ ጀርባ የነበረችውን ልጅ ሳስብም እንደዚሁ። ገበያ ባልሆነ ቀን አሁንም ብቻዬን ነኝ። ቤቱ ሲዘጋ ጫልቱ በመጋረጃው ብቅ ትልና «እትዬ ዛህራ፣ በላሽ?» ትለኛለች። ያው ቃል ወዲያው ምላሴ ላይ ይመጣል። ባለፈው ሳምንት ግን ዋጥኩት። «ነይ እንብላ» ለማለት ድፍረቱ አልነበረኝም፤ ዝም ብዬ ብቻ አየኋት።

ጫልቱ ትንሽ ቆማ ጠበቀች። ከዚያ በርጩማውን ስባ ተቀመጠች።